ፍሪዘር ውስጥ የገባው ቃለ ጉባኤ

የሰረቅሁት ደብተር ማንበብ የማልችለው ደብተር ነበር። ሌላ ሰው በኋላ ከሚናገርብኝ እኔው ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል።

ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ባለው ቤተ መዛግብት በነፃ አገለግላለሁ። ቤተ መዛግብት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። አንድ ክፍል ነው። በአንድ ወገን የማሞቂያው ጋን ያጉረመርማል፣ በሌላው ወገን ልጆች ለገና ትርኢት የሚለብሱት የበግ ልብስ ተንጠልጥሏል፣ መሃል ላይ አንድ መቶ አስራ ሁለት ካርቶን ተደርድሯል። የእኛ የሜኖናይቶች ነገር እንዲህ ነው፦ የዚህን ዓለም ክብር አንፈልግም እንላለን፣ የጻፍናትን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ግን አንጥልም። የሴቶች ስፌት ማኅበር በ1938 ስንት ብርድ ልብስ እንደሰፋና መቀሱን ማን ወስዳ እንዳልመለሰች ተጽፎ ይገኛል። የመቃብር አጥር ኮሚቴ አጥሩ ነጭ ይቀባ አይቀባ ብሎ አራት ዓመት መከራከሩም አለ። አልተቀባም።

ካርቶን አስራ አራት ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። የወንድሞች ጉባኤ ደብተሮች ያሉበት ነው። ድሮ ወንዶቹ ብቻቸውን ተሰብስበው ማን እንዳጠፋና ማን ከጌታ እራት እንደሚታገድ የሚወስኑት እዚያ ነበር። እያንዳንዱ ደብተር ስልሳ ዓመት እስኪሞላው አይከፈትም፤ ያጠፋውም የከሰሰውም እስኪሞቱ ድረስ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። የ1963ቱ ደብተር በዚህ ጥር ስልሳ ሞላው። ያጠፋው ሰው ግን አልሞተም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሱፍ ይፈለፍላል። አባቴ ነው።

አባቴ ዲድሪክ ሃርደር ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ደብዳቤ በፖስታ መጣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ እናቴንና እኛን ልጆቹን በፒክአፑ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያደርሰንና እሱ እዚያው መኪናው ውስጥ ይቀራል። መስኮቱን ጣት በምታስገባ ያህል ይከፍታል። መዝሙር ሲጀመር እሱም ከውጭ ይዘምራል፣ ሁልጊዜ ግማሽ ስንኝ ወደ ኋላ እየቀረ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲደርስ ሞተሩን ስለማያጠፋ «ሰባኪው ሲጸልይ አሜን የሚለው የሃርደር ሞተር ነው» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። በስልሳ ዓመት አራት መኪና ቀይሯል፤ ቦታውን ግን አልቀየረም። እናቴ ስትቀበር እንኳ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ ነው የሸኛት።

ምን እንዳደረገ ጠይቄዋለሁ። «የእኔና የወንድሞች ጉዳይ ነው» ይላል። እናቴም «ወንድ ነው፤ አትጠይቂው» ብላኝ ሳታውቅ ሞተች።

ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ሦስት መጋቢዎች ተፈራርቀዋል። ሦስቱም በየተራ ወጥተው መስኮቱን አንኳኩተዋል።

«አባት ሃርደር፣ ይግቡ እንጂ፤ ይበርዳል።»

«ታግጃለሁ።»

«ማን አገደዎት?»

«ተጽፏል።»

«በምን ምክንያት?»

«ተጽፏል አልኩ እኮ።»

በሕጋችን ጥፋቱ በጉባኤ ሳይነገር እገዳ አይነሳም። ጥፋቱ የተጻፈው ካርቶን አስራ አራት ውስጥ ነው፣ ካርቶኑ ታሽጓል፣ አባቴ አይናገርም። ነገሩ እንዲህ ተቆላልፎ ኖረ።

ባለፈው መስከረም የልብ ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ሁለቴ ተነፈሰ። ሐኪም ሁለቴ ሲተነፍስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መንገዱን እያየ፣ «ኤልፍሪዳ፣ ከመሞቴ በፊት አንዲት ጊዜ ከጌታ እራት ብቀርብ ደስ ይለኛል» አለኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህ ደብተሩ መከፈት አለበት። ከተከፈተ ደግሞ ያደረገው ነገር ለሁሉም ይታወቃል።

እኔ የፈሩት ይደርሳል በሚለው የማምን ሴት ነኝ። ልጄ ኬልቪን በሰሜን በኩል በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ለቀብሩ የምለብሰውን አስቤ ነው የማነሳው። ስለ አባቴማ ያላሰብኩት አልነበረም። ሰው ገድሎ ይሆን? የጎረቤት ጎተራ አቃጥሎ? በ1957 ዘመዶቻችንን ሊጠይቅ ፓራጓይ ሄዶ ስምንት ወር ቆይቷል። እዚያ ሚስት ቢኖረውስ? አንድ ቀን በሬን ስከፍት የአባቴን አፍንጫ የያዙ ስድስት ፓራጓያውያን ሃርደሮች ቆመው ይታዩኝ ነበር። ስንት ቋሊማ መቀቀል እንደሚያስፈልገኝ ሁሉ አስልቼያለሁ።

ነገሩን ያፋጠነችው ዩስቲና ናት። ዩስቲና ኑፌልድ የቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመት መጽሐፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስትሆን በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ይህን ደግሞ አንድም ቀን አልረሳችልኝም። ከጋብቻ በፊት እሷም ሃርደር ነበረች፤ ዘመድ ግን አይደለንም። በመንደራችን ሦስት ዲድሪክ ሃርደር ነበሩ። አባቴ ንብ ስለሚያረባ ንቡ ዲድሪክ ይባላል። የእሷ አባት ዝይ ስለሚያረባ ዝይ ዲድሪክ ነበር። ሦስተኛውን ጋዜጣ በስህተት ሞተ ብሎ ስለጻፈው ሟቹ ዲድሪክ ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯል። ዝይ ዲድሪክ ኋላ ዲያቆን ሆኖ ሰላሳ ዓመት አገልግሎ በክብር ሞቷል፤ የመጽሐፉ ምዕራፍ ሰባት ሙሉውን የእሱ ነው።

«ማክሰኞ ካርቶን አስራ አራትን እንከፍታለን» አለችኝ ዩስቲና። «መምህር ኮንራድ ያነብልናል። መጽሐፉ እስካሁን ኮሚቴ በኮሚቴ ነው፤ ትንሽ ቅመም ያስፈልገዋል።»

«የሰው ኃጢአት ቅመም ነው?»

«ስልሳ ዓመት ሲሞላው ታሪክ ይባላል፣ ኤልፍሪዳዬ።»

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቁልፌን ይዤ ወረድኩ። ካርቶኑን ከፍቼ ደብተሩን ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩትና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ስገልጠው የጽሑፉን ነገር መርሳቴ ገባኝ። አያቶቻችን ይጽፉበት የነበረው የድሮው የጀርመን ፊደል ነው። እግሯን ቀለም የነከረች ዶሮ የተራመደችበት ይመስላል፤ አንዱ ፊደል ካንዱ አይለይም። በአካባቢያችን ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ የወጣው የሰማንያ ስድስት ዓመቱ መምህር ኮንራድ ሌፕ። እንግዲህ አባቴ የሠራውን ጉድ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ጉዱም ያየኛል።

የት ልደብቀው? አባቴ መሳቢያ ሁሉ ይከፍታል። ፍሪዘሩን ግን አይነካም፤ ክዳኑ ይከብደዋል። በላስቲክ ጠቅልዬ ከቋሊማው ሥር ቀበርኩት።

ማክሰኞ ሦስታችን ምድር ቤት ተሰበሰብን። መምህር ኮንራድ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ካርቶኑን ከፈተ፤ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ።

«ደብተር ሦስት፣ የ1963ቱ፣ የለም።»

«አይጥ ይሆን?» አልኩ።

«ከነሽፋኑ?» አለች ዩስቲና። «ፍርፋሪ እንኳ ሳይተርፈው? ይሄ አይጥ ሳይሆን ድብ ነው።»

መምህር ኮንራድ ግን መልስ ሳይሰጠን ከበሩ አጠገብ ወደተንጠለጠለው መዝገብ ሄደ። ማንኛውም ወረቀት ከክፍሉ ሲወጣ የሚፈረምበት ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አነበበ።

«ሰኞ። ስድስት ሰዓት ከሩብ። ካርቶን አስራ አራት፣ ደብተር ሦስት። ኤልፍሪዳ ፔነር።»

ፈርሜያለሁ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዷ ወረቀት ስፈርም የኖርኩ ሴት፣ ስሰርቅም ፈረምኩ። ሰዓቱን ሳይቀር ጽፌያለሁ። ለሌብነት እንኳ ያልተፈጠርን ሕዝብ ነን።

«ብል አየሁበት» አልኩ። «መመሪያው ብል የታየበት ወረቀት ይቀዝቅዝ ይላል። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት።»

«የትኛው ፍሪዘር?» አለ መምህር ኮንራድ።

«የ... ቤቴ።»

«ከምን ጋር?»

«ከቋሊማ ጋር።»

ዩስቲና ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልተዋጠላትም። «የወንድሞች ጉባኤ ከአሳማ ሥጋ ጋር! ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ከመቃብር ተነስተው ያግዱሽ ነበር።»

ሦስታችንም በእሷ መኪና ወደ ቤቴ መጣን። አባቴ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ የሱፉን ገለባ በሰሃን ያጠራቅማል። ደብተሩን ከፍሪዘሩ አውጥቼ እንደ ሕፃን አቅፌ መጣሁ። መምህር ኮንራድ ግን ልገልጠው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተዪው! ውርጩ ሳይለቀው ከተከፈተ ላብ ያወጣል፤ ቀለሙ ይለቃል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት በላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ።»

«ሦስት ሰዓት!» አለች ዩስቲና። «ስልሳ ዓመት የቆየ ነገር?»

«ለዚያ ነዋ።»

አባቴ ቀና አለ። «ሥጋ ነው የምታቀልጡት?»

ዩስቲና አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። «አባባ፣ የ1963 ደብተር ነው። የወንድሞች ጉባኤ። ያንተ ነገር ያለበት።»

መፈልፈሉን አቆመ። እጁ ሰሃኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ልቡን ፈራሁ፤ ክኒኑ የትኛው ኪሴ ውስጥ እንዳለ በእጄ ፈለግሁ።

«እንግዲያው ይነበብ» አለ። «እኔ ለመናገር አፌ እንቢ ብሎኝ ነው የኖርኩት። እነሱ ጽፈውት ከሆነ ተገላገልኩ።»

ሦስት ሰዓት ጠበቅን። እንግዳ ቤቴ ገብቶ አፉን ሳያረጥብ አይቀመጥምና ትንሿ በትልቋ ራስ ላይ የተቀመጠች ድርብ ዳቦ፣ አይብ፣ የፕለም ማርማላታና ቡና አቀረብኩ። ደብተሩ ጠረጴዛው መሃል በላስቲኩ ውስጥ ተኝቷል። እየተሻገርነው ቅቤ እንቀባበላለን። አምስተኛ ሰው ይመስል ነበር፤ የማይበላ ብቻ። ዩስቲና አራት ዳቦ በላች። እኔ አንድም አልዋጥኩም፤ የፓራጓይ ልጆች ስማቸው ማን ማን እንደሚሆን ነበር የማስበው።

መምህር ኮንራድ ሰዓቱን አየ፤ ላስቲኩን ገለጠ፤ በጣቱ ሽፋኑን ዳበሰና ይሆናል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በቤታችን ቋንቋ እየተረጎመ ማንበብ ጀመረ።

«ታኅሣሥ አምስት ቀን። ሰላሳ ስምንት ወንድሞች ተገኙ። ጉባኤው በመዝሙር ተከፈተ። የማገዶ ነገር ተነሳ...»

«ማገዶውን እለፈው» አለች ዩስቲና።

«ማገዶው ሁለት ገጽ ነው... እሺ፣ ይኸው። ወንድም ዲድሪክ ሃርደር...» ቀና ብሎ አባቴን አየና ቀጠለ። «ወንድም ዲድሪክ ሃርደር ከመኖሪያው ጀርባ ባለ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥን መሣሪያ ደብቆ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የበረዶ ላይ ኳስ እንደሚያይ፣ ሌሎችንም እንደሚጋብዝ ተነገረ። አንድ ወንድም የትኛው ቡድን እንዳሸነፈ ጠየቀ። ተገሠጸ።»

መምህር ኮንራድ ጣቱን በመስመሩ ሥር እያስኬደ ቀጠለ።

«ወንድሞች ተነጋግረው ንስሐ እስኪገባ ከጌታ እራት ይታገድ ብለዋል። ወንድም ጸሐፊ ደብዳቤ ይላክለት። ስለ ፍቅር ሲባል ጥፋቱ በደብዳቤው ላይ አይጠቀስ፤ እሱ ራሱ ያውቀዋል።»

«ቴሌቪዥን?» አልኩ። ስድስቱ ፓራጓያውያን በአንድ ጊዜ ከበሬ ላይ ዞር አሉ። «ለቴሌቪዥን ነው?»

አባቴ ጆሮውን ወደ መምህር ኮንራድ አስጠግቷል። «ምንድን ነው ያለው?»

«ቴሌቪዥን፣ አባባ።»

«የማን ቴሌቪዥን? እኔ ያኔ መብራት እንኳ በቅጡ አልነበረኝም!»

መምህር ኮንራድ ገጹን ገለጠ። «ሌላም አለ። ጥር ዘጠኝ። ወንድም ዲድሪክ ሃርደር በጉባኤው ተገኝቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሽማግሌው ዝምታው የንስሐ ምልክት ነው አሉ። በዝዮቹ ቤት የነበረው መሣሪያም ተሽጧል ይባላል። እገዳው ተነሳ። ጉዳዩ ተዘጋ።»

በዝዮቹ ቤት። ሁላችንም ወደ ዩስቲና ዞርን። አምስተኛውን ዳቦ አፏ አጠገብ አድርሳ ደርቃለች።

«ዩስቲና» አልኳት።

«ዝም በይ።»

«ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«ዝም በይ አልኩሽ!» ዳቦውን አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ ተቀየረ፤ የሰባ ዓመት ሴት ሳትሆን የሆነ ነገር የሰበረች ልጅ መሰለች። «ግብ ሲገባ ዝዮቹ አብረው ይጮሁ ነበር። አባቴ ‹ለእናትሽም እንዳትነግሪ› ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር።»

ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ጸሐፊው በፖስታው ላይ የጻፈው ዲድሪክ ሃርደር ብቻ ነው። ፖስተኛው ከሦስቱ ዲድሪኮች ሳጥን በአንዱ፣ በአባቴ ውስጥ ከተተው። ዝይ ዲድሪክ ደብዳቤ ስላልደረሰው እንደወትሮው ወደ ጉባኤው ሄዶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወንድሞችም ንስሐ ገብቷል አሉ። አባቴ ደግሞ ደብዳቤውን አንብቦ መኪናው ውስጥ ቀረ። ያኔ ከወንድሞቹ ለምን ገብተህ አትቀመጥም ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እኛ ዘንድ መጠየቅ ሐሜት ነው፣ ራስን መከላከል ደግሞ ትዕቢት። በትሕትና የምንተላለቅ ሰዎች ነን።

«አባቴ እኮ ዲያቆን ሆኖ ነው የሞተው!» ዩስቲና ተነሳች። «ምዕራፍ ሰባት ማተሚያ ቤት ገብቷል! ፎቶው ሙሉ ገጽ ነው! አሁን ምን ልበል? ታማኙ ዲያቆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዝይ ጋር ኳስ የሚያይ?»

«የእኔ አባት ስልሳ ዓመት ውርጭ ላይ ተቀምጧል፤ አንቺ ስለ ፎቶ ታወሪያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት? ወጥቶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?»

«እናንተስ ገብታችሁ ብትናገሩ?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር!»

«ከዘጠኝ ዓመትሽ በኋላ ስልሳ ዓመት ነበረሽ!»

«ቆዩ» አለ አባቴ።

ጣቱን ደብተሩ ላይ አሳርፏል፤ መምህር ኮንራድ ጓንት እንዲያደርግ ሊነግረው አስቦ ተወው።

«ስለ ማሩ ምንም አይልም?»

«ስለ ምን ማር፣ አባባ?»

«ስለ ማሩ ነዋ። እስቲ ፈልግ፣ ኮንራድ። ከማገዶው ጋር ይሆናል።»

መምህር ኮንራድ ወደ ኋላ ገለጠ፤ ወደ ፊት ገለጠ። ማገዶ፣ የጣሪያ ጥገና፣ በበረዶ ላይ የሚጎተት የሬሳ ጋሪ። ማር የሚል ቃል የለም።

አባቴ ፊቱ በዝግታ ቀላ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። «በስድሳ ሁለት በጋ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ንቦቹ ከቀፎ አልወጡም። ሰው ሁሉ ለገና ዳቦ ማር አዝዞኛል። እኔም ስኳር በውሃ አፍልቼ ጨመርኩበት። ግማሽ በግማሽ። ንጹህ ማር ነው ብዬ ለቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አከፋፈልኩ። ደብዳቤው ሲመጣ፣ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ ይላል። አወቅሁት።»

ጥርሴን ነከስኩ፤ ልሳቅ ይሁን ልጩህ አላወቅሁም። «አባባ! ስልሳ ዓመት! ለስኳር!»

«ለስኳር አይደለም። ለውሸት ነው።» ዓይኑን ከደብተሩ አላነሳም። «ስኳርማ ምን አደረገ?»

ዩስቲና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከእሷ በፊት የተናገረው መምህር ኮንራድ ነው። «ወንድም ዲድሪክ፣ እርስዎ የታገዱበት ቀን የለም። እሁድ የጌታ እራት አለ። ዝም ብለው ገብተው ይቀመጡ።»

«እንዴት ዝም ብዬ? አሁንማ ባሰ! እስከ ዛሬ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ማንም አያውቅም ማለት እኮ ሳልናዘዝ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ቆሜ እናገራለሁ።»

«ደብተሩስ?» አለች ዩስቲና ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ደብተሩ ከእንግዲህ ክፍት ነው» አለ መምህር ኮንራድ። «ሕግ ሕግ ነው። ማንም መጥቶ ማንበብ ይችላል።»

«ካንተ ሌላ ማን ማንበብ ይችላል?»

አሰበ። «ማንም።»

«እንግዲያው ክፍት ይሁን» አለች፤ ወዲያው ያስቀመጠችውን ዳቦ አነሳች። አባቴን አየሁት። «ተያት» አለኝ በዓይኑ። እኔ ብሆን አልተዋትም ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ አልነበረም፣ ብርዱም የእኔ አልነበረም፤ ስለዚህ ዋጥ አደረግሁት።

ከዚያ እስከ እሁድ እንቅልፍ አልተኛሁም። በረዶው ላይ ቢንሸራተትስ? ልቡ መድረኩ ላይ ቢቆምስ? የምግብ ተቆጣጣሪ ቢሰማስ? በስድሳ ሁለት ማሩን በልቶ የታመመ ሰው ልጆች ጠበቃ ቢያቆሙስ? ኬልቪን ከሰሜን ደውሎ፣ «እማዬ፣ ስኳር እኮ ነው። ሁላችንም በየቀኑ እንበላዋለን» አለኝ። «አንተ መንገድህን ተመልከት» ብዬ ዘጋሁበት።

እሁድ መኪናውን አቁሜ ወርጄ የእሱን በር ከፈትኩ። እግሩን ሲያወርድ ለዘላለም የቆየ መሰለኝ። ደፉን ተሻግሮ ሲገባ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«መብራቱን ቀይራችሁታል።»

«ሦስት ጊዜ፣ አባባ።»

በስተቀኝ ሄዶ ተቀመጠ፤ በእሱ ጊዜ የወንዶች ወገን እዚያ ነበር። ዛሬ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ግን በአክስት አጋታ ሳዋትስኪና በእኔ መሃል፣ ሹራብ ከሚሠሩ ሁለት እህቶች ኋላ መቀመጡን ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ። አክስት አጋታ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዎቿ በቅጡ አይሰሙም፣ አፏ ግን ሁለቱንም ያካክሳል። ዩስቲና ከኋላችን ነበረች፤ ጠጋ ብላ የአባቴን ካፖርት ተቀበለችው።

ከስብከቱ በኋላ መጋቢው «አባት ሃርደር ለጉባኤው የሚናገሩት አላቸው» አለ። አባቴ የፊቱን ወንበር ይዞ ተነሳ። ስለ ማሩ ነገራቸው፤ እንደ ነገረን፣ ምንም ሳይጨምር። ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ተሳሳተው ደብዳቤ አንዲት ቃል አልወጣውም። «ዋሽቻችኋለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ቆሞ ቀረ።

ሁሉም ጫማውን ያያል። በቃ፣ አልኩ፤ ይቅር አይሉትም። ይወጣል፤ ልቡ ደረጃው ላይ ይቆማል።

«ማሩን ነው የሚለው?» አክስት አጋታ በሙሉ ድምጿ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷ አዎን ብላ ራሷን ነቀነቀች። «የስድሳ ሁለቱን? ዲድሪክ፣ አንተ ጅል! የዚህ አገር ማር በጥቅምት ይረጋል፤ በማንኪያ አይገባም። የአንተ በገና እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ምን ይመስልህ ነበር? የጋገርነው እኛ ነን እኮ!»

«አውቃችሁ ነበር?» አለ አባቴ።

«ሴቱ ሁሉ ያውቃል!»

«ለምን አልተናገራችሁም?»

«ማን ጠየቀን? ጉባኤው የወንድሞች ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተለ፤ መጋቢው ራሱ ማስታወሻውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይቅር እንላለን የሚሉ እጅ ያውጡ ሲባል ያላወጣ አልነበረም። ዩስቲና ሁለቱንም አወጣች፤ ምን አስባ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። አባቴ አልሳቀም። ቆሞ የወጡትን እጆች አንድ በአንድ ያያቸው ነበር፤ እኔ ነኝ ጎትቼ ያስቀመጥኩት።

ዳቦው መጣ። ቆርሶ ዓይኑን ጨፍኖ በላ። ጽዋው ሲደርስ እኛ የለመድነው ጣት የምታህል የላስቲክ ኩባያ ነበር፤ እሱ ግን እያዟዟረ አያት። ቀመሳት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፤ የደንቆሮ ሹክሹክታ ነበርና ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ኤልፍሪዳ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የወይን ጭማቂ ነው፣ አባባ።»

«ወይን ጠጁስ?»

«ቀርቷል። ከ1974 ጀምሮ ጭማቂ ነው።»

«ማን አስቀረው?»

«ኮሚቴ።»

ኩባያዋን ወደ ብርሃን አንስቶ አያት፤ ፊቱን የሳል መድኃኒት እንደሚጠጣ ልጅ አጨፈገገና ቀሪዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጣት። ትን ይለዋል ብዬ ጀርባውን ልመታ እጄን አዘጋጅቼ ነበር። ትን አላለውም። እጄን ግን እዚያው ጀርባው ላይ ተውኩት።